ስለ አሥራ ስድስቱ ፈረሶች ቀኝ ጎን

ለክቡር የመዝናኛ ፓርኩ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ፈረሶቹ ከማይታዩበት መስኮት አጠገብ፤

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ፣ በደረጃም ይሁን በአሳንሰር፣ ካሉበት ሦስተኛ ፎቅ ይድረስዎ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም አንገትዎ ደህና ነው? አንገትዎን ለይቼ መጠየቄ በክፋት እንዳይተረጎምብኝ፤ ወደ ፓርኩ ከመጡ ወዲህ ባሉት ሦስት ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ወደ ፈረሶቹ ዞር ብለው ሲመለከቱ አየሁ የሚል ሰው ስላጣሁ፣ ሕመም ይሆን እንዴ ብዬ ሠግቼ ነው። እኔ በበኩሌ፣ በእርስዎ ፊርማ ከደረሰኝ የዕድሜ ልክ እግድ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ምናልባት ብዙ ሰው ስለሚያግዱ የትኛው እንደሆንኩ ሊምታታብዎ ይችላልና ራሴን ላስታውስዎ። መተዳደሪያዬ መጽሐፍ መጠረዝ ነው፤ በማተሚያ ቤቱ ከመቁረጫው ማሽን ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ከሙጫ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬባታለሁ። እሑድ እሑድ ጠዋት ግን የእርስዎ ፓርክ ደንበኛ፣ የሽክርክሪት ወዳጆች ማኅበርም ጸሐፊ ነኝ። ሽክርክሪት ስል በፓርኩ መካከል ያለውን፣ አሥራ ስድስት የእንጨት ፈረሶች በክብ መድረክ ላይ ተተክለው ልጆችን ጭነው የሚዞሩበትን አሮጌ ጨዋታ ማለቴ ነው፤ ይህን ለእርስዎ ማብራራቴ ድፍረት ቢሆንም፣ ደብዳቤው ጋዜጣ ላይ ስለሚወጣ ሌላውም አንባቢ እንዳይቸገር ብዬ ነው። ማኅበራችን ሰባት አባላት አሉት። ባለቤቴ «ስምንተኛው አባል በሽታችሁ ነው» ትላለች፤ እኔም አልከራከራትም።

ለአንድ መዝናኛ ፓርክ ይህን ያህል መብሰልሰል የጤና አይደለም ቢሉም አልቀየምዎትም። እኛ እኮ ከትኬት መስኮቱ ጎን ያለውን አግዳሚ ወንበር «መሥራቹ ተቀምጠው ፓርኩን ያሰቡበት ነው» እያልን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳንቀመጥበት፣ ባርኔጣችንን እያነሣን ስናልፈው የኖርን ሰዎች ነን። ወንበሩ መሥራቹ ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ ከአውቶቡስ ጣቢያ ተጭኖ የመጣ መሆኑን በመጨረሻ የነገሩን ጋሼ ሞተር ናቸው። ጋሼ ሞተር የምንላቸው ሽክርክሪቱን ሃያ ሰባት ዓመት ያንቀሳቀሱትን፣ አሁን ጡረታ ወጥተው የማኅበራችን አባል የሆኑትን ሞተረኛ ነው። ያን ዕለት ከማፈራችን የተነሣ ሰባታችንም ወንበሩ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። እንግዲህ ይህን የሚጽፍልዎ ሰው መሳሳት ምን እንደሆነ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቢሮዎ ቁጥር ይወዳልና።

አንደኛ፤ ስለ ዙሩ። ሽክርክሪቱ በአንድ ትኬት አሥራ አራት ጊዜ ይዞር ነበር፤ እርስዎ በመጡ በአራተኛው ወር ዘጠኝ ሆነ። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ አባላችን ፋርማሲስቷ ክኒን በምትቆጥርበት ጥንቃቄ በየእሑዱ ቆማ እየቆጠረች በደብተር መዝግባዋለች። አቤት ብንል ከሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ «ከጥንትም ዘጠኝ ነበር» የሚል መልስ ደረሰን። አምስት ዙር መቀነስ ማንም የሚችለው ነገር ነው፤ ትናንት የተዞረውን ዙር ዛሬ እንዳልተዞረ ማድረግ ግን የተለየ ችሎታ ይጠይቃልና ክፍሉን ሳላመሰግን አላልፍም። ይህ ዘጠኝ ዙር እኔን ራሴን ጎድቶኛል፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ መሥራቹ ሥዕል። በዋናው መግቢያ ግድግዳ ላይ መሥራቹን በአንድ እጃቸው መሮ፣ በሌላው መዶሻ ይዘው የፈረስ አንገት ሲጠርቡ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል አሠርተዋል። ሥዕሉ ያምራል። መሮውን የያዙት በስለቱ በኩል መሆኑ ብቻ ለጣታቸው ያሳስበኛል። እኛ መሥራቹን የምንወዳቸው ከእርስዎ በፊት ነው፤ የምንወዳቸውም በሠሩት እንጂ ባልሠሩት አይደለም። ሰውዬው «ይህ ጭቃ ላይ ማን ሊስቅ ነው?» እየተባሉ ሲዘበትባቸው ረግረግ መሬት ተከራይተው፣ በመጀመሪያው ዓመት ትኬቱን ራሳቸው ቆርጠው፣ ግቢውን ራሳቸው ጠርገው ፓርክ አቆሙ። ከፍታ ይፈሩ ስለነበር በገዛ ትልቁ መንኮራኩራቸው አንድ ቀን እንኳ አልተሳፈሩም፤ ከሥር ቆመው ለሚወጣው ሁሉ እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር። እኛ ከሁሉ አብልጠን የምንወድላቸው ይህን ነው፤ እየፈራ ለሌላው ከፍታ የሚሠራ ሰው በየቀኑ አይገኝም። እርስዎ ይህን ፍርሃታቸውን ገፈው ጥለው፣ በሕይወታቸው ይዘውት የማያውቁትን መሮ አስያዟቸው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ለሞተ ሰው ማጥለቁማ የሚያሳፍረው አጥላቂውን ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ፈረሶቹ ጎን። እዚህ ላይ የራሴም ኃጢአት ስላለበት ትንሽ ይታገሡኝ።

ፈረሶቹን ቀርቦ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ግራና ቀኛቸው የአንድ እናት ልጆች አይመስሉም። በግራ በኩል ጋማቸው እየተጠቀለለ ይወርዳል፣ ኮርቻቸው አበባ ተቀርጾበታል፣ ልጓማቸው ዘለላ አለው፣ ዓይናቸውም ሽፋሽፍት አለው። በቀኝ በኩል ግን ልሙጥ እንጨት ናቸው፤ ዓይን የተባለውም ክብ ጉድጓድ ነው። ሽክርክሪቱ ሲዞር ወደ ሕዝቡ የሚወጣው ታዲያ ይኸው ቀኙ ነው፤ ያማረው ጎን ወደ መሐል፣ ወደ ሞተሩ ይመለከታል። ያንን ውበት ሃያ ሰባት ዓመት ጠግበው ያዩት መሐል ላይ የሚቀመጡት ጋሼ ሞተር ናቸው። ቤታቸው ገብተው የፈረሶቹን ቁንጅና ሲያወሩ፣ ከውጭ ቆመው ልሙጡን ብቻ ያዩት ባለቤታቸው «ይሄ ሰውዬ ግሪሱ ናላው ላይ ወጥቷል» ይሉ ነበር አሉ።

ለምን እንዲህ ሆነ በሚለው ላይ ማኅበራችን ዓመታት ተከራክሯል። ከዕለታት አንድ ቀን የማኅበራችንን ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት አሥራ ዘጠነኛ ቁጥር ሳዘጋጅ ገጹ ሁለት መስመር ጎደለኝ። ባዶ ቦታ ለጠራዥ ዓይን ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ነው። ስለዚህ «ውበትን ወደ ውስጥ አዙሬዋለሁ፤ የፈለገ ቀርቦ ይይ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ «የፓርኩ መሥራች» የሚል ጨመርኩበት። አዎን፣ ክቡርነትዎ። በአዲሱ አዳራሽዎ በር ላይ በነሐስ የተቀረጸው፣ በካናቴራና በኩባያ የሚሸጡት፣ ባለፈው ዓመት እንባ እየተናነቀዎ ንግግርዎን የዘጉበት ጥበብ የእኔ ነው። መሥራቹ እንዲህ ያለ ነገር ተናግረው አያውቁም፤ እኔም የጻፍኩት ገጹ ሞልቶልኝ ምሳዬን ልበላ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኙ እኔ ረስቼው ነበር፣ ወረቀቱ ግን አልለቀቀም። ለማኅበራችን በስጦታ ስለላኩልን ሰባት ኩባያዎችም አመሰግናለሁ፤ የገዛ አባባሌን በስጦታ ስቀበል የመጀመሪያዬ ነው፤ ባለቤቴም ድርሻዬን ለሙጫ ብሩሽ ማስቀመጫ መድባዋለች።

አራተኛ፤ ስለ ሽማግሌው። ይህን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ።

ከአራት ወር በፊት፣ ፈረሶቹ ተነሥተው በፕላስቲክ ሊተኩ ነው የሚለውን ወሬ በሬዲዮ የሰሙ አንድ አዛውንት አናጺ በምርኩዝ እየተደገፉ ወደ ፓርኩ በር መጡ። ዓይናቸው በጣም ደክሟል። ለጥበቃው የነገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እነዚያን ፈረሶች ያበላሸኋቸው እኔ ነኝ፤ ሳይነሡ አንዴ ልዳስሳቸው።» ጥበቃው ደግ ሰው ስለሆነ ወንበር ሰጥቷቸው ወደ ቢሮዎ ስልክ ደወለ። የመጣለት መልስ «ፈረሶቹ የመሥራቹ የእጅ ሥራ ናቸው፤ አስመሳይ አታስገባ» የሚል ነበር። ሽማግሌው ስለ ወንበሩ አመስግነው ተመለሱ። የዓይን ጠብታ ሊገዙ ገብተው ለፋርማሲስቷ ባያጫውቷት ኖሮ እኛም ሳንሰማ እንቀር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት መሥራቹ ወደ እንጨት ሥራ ቤታቸው መጥተው ከቀን መቁጠሪያ የተቀደደ ሥዕል ሰጧቸው። ሥዕሉ ላይ ፈረሶቹ ወደ ግራ ይሮጣሉ። አናጺው እንዲህ ያለ ጨዋታ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ጊዜው አጭር ነበርና «የሚታየውን ጎን ብቻ አሳምርልኝ» ተባሉ፤ ሥዕሉ ላይ የሚታየው ግራው ስለሆነ አሥራ ስድስቱንም በግራ በኩል አሳመሯቸው። ስምንት ወር ፈጀባቸው። በምርቃቱ ቀን አዲስ ጫማ አድርገው፣ ትንሿን ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ከፊት ቆሙ። ሞተሩ ተነሣ፤ ሽክርክሪቱም ከሥዕሉ በተቃራኒው ዞረ። አሥራ ስድስት ልሙጥ ጎን አንድ በአንድ በፊታቸው አለፈ። ማርሹ ወደ ሌላ በኩል አይዞርም፤ ፈረሶቹን ገልብጦ መትከልም የኋሊት ማስሮጥ ነው። ሙዚቃው ሳያልቅ ልጃቸውን ይዘው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ በፓርኩ ደጃፍ አላለፉም። መሥራቹ ሁለት ጊዜ ሰው ልከውባቸው ነበር፤ ሊወቅሷቸው መስሏቸው ተደበቁ።

ይህን ከሰማን በኋላ ጋሼ ሞተርን ይዘን ቤታቸው ሄድን። አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋቸውና እንጨት የሚልጉበት ጠረጴዛቸው ግድግዳ ለግድግዳ ይተያያሉ፤ የቀን መቁጠሪያው ቅዳጅ ዛሬም ከጠረጴዛው ሥር አለ። ጋሼ ሞተር አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ከአንድ ቁጥር ጀምረው አሥራ ስድስቱን ፈረሶች በቃላቸው ነገሯቸው፤ የቱ ላይ ምን አበባ እንዳለ፣ የቱ ጆሮውን እንደጣለ፣ የቱ በልጓሙ በኩል ፈገግ እንደሚል። ስድስተኛው ፈረስ ላይ ሲደረስ ሽማግሌው ማልቀስ ጀመሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ማንም አላያቸውም ብለው ያስቡ ነበር። እኔ ደግሞ እዚያው ቆሜ፣ እኚህ ሰው ሲያፍሩበት የኖሩትን ስሕተት ገጽ ለመሙላት ብዬ ጥበብ አድርጌ ለሌላ ሰው መስጠቴን አሰብኩ። አፈርኩ፤ አሁንም አፍራለሁ።

ክቡር ሆይ፤ አስመሳይ የሚሰርቀው ክብር ነው። ጥፋት ሊሰርቅ ምርኩዝ ይዞ ከቤቱ የወጣ ሌባ በሥራ ዘመንዎ ገጥሞዎት ያውቃል? ሽማግሌው «እኔ ሠራኋቸው» ብለው አልመጡም፤ «እኔ አበላሸኋቸው» ብለው ነው የመጡት። እንዲህ ያለውን ቃል ከሠሪው በቀር ማንም አይለውም።

አምስተኛ፤ ስለ እግዴ። ሽማግሌው በአንድ ቁጥር ፈረስ አንገት ላይ፣ በግራ በኩል ከጋማው ሥር፣ ስማቸውን በመሮ ጽፈው ነበር። አርባ ዓመት ቀለም በቀለም ላይ ስለተደረበ አይታይም። ስለዚህ ትኬት ቆርጬ፣ ከሕፃናት ጋር ተሰልፌ፣ ፈረሱ ላይ ወጣሁ፤ ወረቀት የማጥፍባትን አጥንት ከኪሴ አውጥቼ እየዞርኩ መፋቅ ጀመርኩ። በጎኔ ባለው ፈረስ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሕፃን «አባባ፣ እያከክለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አርባ ዓመት ሲበላው እንደኖረ ነገርኳት፤ አመነችኝ። በሦስተኛው ዙር የመጀመሪያው ፊደል ወጣ። ዘጠነኛው አልቆ ሽክርክሪቱ ሲቆም አንድ ፊደል ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ በድሮው አሥራ አራት ዙር ቢሆን ከነአባታቸው ስም እጨርሰው ነበር። ጭኔ ላይ የቀለም ቅርፊት ሞልቶ ያዩ ጥበቃዎች አወረዱኝ። በሦስተኛው ቀን «የፓርኩን ንብረት በመቧጨር» የሚል የዕድሜ ልክ እግድ ደረሰኝ። ከጭረቱ ሥር ምን አለ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም።

አሁን አሥራ አምስቱ ፈረሶች ተነቅለው ከጥገና ክፍሉ ጀርባ ሸራ ለብሰዋል። አንድ ቁጥሩ ብቻ፣ የፊታችን እሑድ በሚመርቁት የመሥራቹ አዳራሽ ውስጥ፣ «በመሥራቹ እጅ የተጠረበ» ከሚል ጽሑፍ ሥር ቆሟል። በቦታቸው ስለተተከሉት የፕላስቲክ ፈረሶች እንኳን ደስ ያለዎ። ሁለቱም ጎናቸው አንድ ስለሆነ ማንም አይሳሳትባቸውም፣ ማንም አያፍርባቸውም፣ ለእነሱ ሲል ሥራ ፈትቶ ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰውም አይኖርም።

ስለዚህ በትሕትና የምንጠይቀው ይህን ነው። ሽማግሌው ገብተው ፈረሳቸውን ይዳስሱ። «በመሥራቹ እጅ» የሚለው ወርዶ የእሳቸው ስም ይጻፍ። በነሐስ የተቀረጸው የእኔ አባባልም ይውረድ፤ የባለቤትነት ጥያቄ አነሣብዎታለሁ ብለው አይሥጉ፣ ከዓይኔ እንዲጠፋ ብቻ ነው የምፈልገው። መሥራቹን እንዳሳነስናቸው እንዳይቆጥሩብንም አደራ፤ እኚያ ሽማግሌ ተደብቀው ሳሉ ሁለት ጊዜ ሰው የላኩባቸው እሳቸው ናቸው፤ እርስዎ ግን ራሳቸው ሲመጡ መለሷቸው።

አይሆንም ካሉም፣ እሑድ ጠዋት በሩ ሲከፈት እንገኛለን። ስድስቱ የማኅበራችን አባላትና ሽማግሌው አልታገዱም፤ ትኬታቸውን ቆርጠው ይገባሉ፤ ፋርማሲስቷ ክንዳቸውን ትይዛለች፣ ጋሼ ሞተር መንገዱን ያሳያሉ። የታገድኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም እገባለሁ። አንድ ሰው ከፓርኩ በር በኀፍረት አርባ ዓመት መራቁ ለሁላችንም ይበቃል፤ እኔ አንድ እሑድ እንኳ አልደግመውም። ጥበቃዎችዎ ተሸክመው ሊያስወጡኝ ይችላሉ፤ ወገቤን ስለሚያመኝ በቀስታ እንዲሆን ያሳስቡልኝ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለአንገትዎ መዞርን፣ ለሽክርክሪትዎ የተነጠቀውን አምስት ዙር፣ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎም የማስታወስን ጸጋ ከልብ በመመኘት፤

በክቡር ፊርማዎ የታገድኩ፣ ለጊዜው የመሥራቹ ጥበብ ደራሲ፣ ሁልጊዜም ታማኝ ደንበኛዎ፣
ጠራዡ፤
የሽክርክሪት ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ የምርቃቱን የጥሪ ካርድ ያተመው የእኛ ማተሚያ ቤት ነው፤ አራት መቶውንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ካርዱ ላይ ባለው ፎቶግራፍ ፈረሱ ልሙጥ ጎኑን ለእንግዳ ሰጥቶ፣ ያማረው ጎኑ በአራት ብሎን ከግድግዳ ተጣብቋል። ጭረቴን ለመሸፈን መሆኑ ገብቶኛል፤ አልሸሹም፣ ዞር አሉ ይባላል። እንዳለ ቢተዉት አራት መቶ እንግዳ መሥራቹ ለምን ግማሽ ፈረስ እንደጠረቡ ይጠይቅዎታል፤ ምክንያቱን የሚያውቁት ደግሞ በር ላይ የመለሷቸው ሽማግሌ ናቸው። ቢያዞሩት ስሙ ይወጣል። ስሙን በዚህ ደብዳቤ ያልጻፍኩት ረስቼው ሳይሆን፣ ከእንጨቱ ላይ እንዲያነቡት ብዬ ነው። የቀረችውን አንድ ፊደል ሽማግሌው በጣታቸው ያገኟታል፤ እርስዎ ግን መፍቻና መነጽርዎን ይዘው ይምጡ።